ሐሙስ የበላነው፣ ዓርብ የታየው

ይህ ጉዞ ያስወጣኝን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ከባሕር ዳር እንጅባራ ደርሶ መልስ፣ የሁለት ሰው መጓጓዣ፣ አልጋና ቀለብ፣ በአንድ ኩንታል ጥሩ ጤፍ ዋጋ ገደማ። በዚያ ላይ ገና አንድ ወር ያልበላሁት የዓመት የማስታወቂያ ውል። ሌላም ወጪ ነበረበት፤ እሱ በብር ስለማይጻፍ በየቀኑ ሥር ታገኙታላችሁ።

ስሜ ሰይድ ነው። ባሕር ዳር ውስጥ ቅቤ እነግዳለሁ። ከእህቴ ልጅ ከሐያት ጋር ደግሞ ፖድካስት የሚሉትን እንሠራለን፤ አንድ ነጋዴ አስቀምጠን ስለ ሥራው አንድ ሰዓት እናወራለን፣ ሰው በስልኩ ይሰማል። መጀመሪያ የሚሰሙን ዘመዶቻችን ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እስከ መጨረሻ አልነበረም። ኋላ ሐያት ከመቅረጹ በፊትና በኋላ ያለውን ግርግር በስልኳ እያነሳች መልቀቅ ጀመረች። ማይኩ ቅቤ ውስጥ ሲወድቅብኝ፣ ከሚዛን ጋር ስጨቃጨቅ፣ ጥያቄዬን ረስቼ ጣራ ጣራ ሳይ። ተቆጣሁ። ቁጥሩን ስታሳየኝ ቁጣዬ በረደ። በአጭሩ ቪዲዮ የሳቀብኝ ሰው ረጅሙን ወሬ ሊሰማ መጣ፣ የመጣውም አልሄደም። ነገሩ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ ጓዳህን ያሳየኸው ደንበኛ ሌላ ሱቅ አይገባም። አንድ የዘይት አስመጪም ይህን አይቶ የዓመት ማስታወቂያ ሰጠን። የቅቤ ነጋዴ በዘይት ገንዘብ መናገሩ ሐያትን ያስቃታል። እኔ ብሩን አሸትቼዋለሁ፤ ዘይት ዘይት አይልም።

ረቡዕ

ኅዳር ገብቷል፤ የነቢያት ጾም ደጅ ላይ ነው። ለቅቤ ነጋዴ ይህ ወቅት የፈተና ዋዜማ ነው። ለዓመታት ቅቤ የምታቀርብልኝን ወይዘሮ የዝናን እንቅረጻት ብዬ ከሐያት ጋር ተነሳሁ። ቤቷ ከእንጅባራ ወዲያ፣ ጥርባ አካባቢ ነው።

ሚኒባሱ ሰው እስኪሞላ ረፈደ። መንገዱ ሰሞኑን አንዴ ክፍት አንዴ ዝግ ስለሆነ በመኪናው ውስጥ ብዙ የሚያወራ አልነበረም። ሹፌሩ ከወዲያ የሚመጣ መኪና ባየ ቁጥር በመብራት ይጠይቃል፤ መልስ ካላገኘ ፍጥነት ይቀንሳል፤ እኛም አብረን ትንፋሽ እንቀንሳለን። ፍተሻ ላይ ወረድን። ፈታሹ የሐያትን ቦርሳ ከፍቶ የማይኩን ጸጉራም ቆብ አወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የድምፅ መቅረጫ ነው» አልኩ። «ቅቤ ነጋዴ ነኝ። ስለ ቅቤ የምናወራበት ነው።»

«ስለ ቅቤ ምን ይወራል?»

«አንድ ሰዓት ይወራል።»

«አንድ ሰዓት?» ፊቴን ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ቆቡን ቦርሳው ውስጥ መልሶ፣ ለታመመ ሰው መንገድ እንደሚለቅ «ሂዱ» አለን።

ዳንግላ የደረስነው ከሰዓት ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄድ መኪና የለም ተባለ። ከመናኸሪያው ወደ አልጋ ቤት በጋሪ ሄድን። ባሕር ዳር ጋሪ ዕቃ ሲጭን ነው የማውቀው፤ እዚህ ሰው ተጭኖ ሰላምታ እየሰጠ ያልፋል። ባለ ጋሪው ዘወር ብሎ አየኝ።

«አንተ ማይክ ቅቤ ውስጥ የጣልከው ሰውዬ አይደለህ?»

«ነኝ።»

«ትልቁንም ጀምሬልህ ነበር። እንቅልፍ ወሰደኝ።» ፈረሱን ነካ አደረገው። «ኋላ ግን ጨረስኩት። ሰውዬው ሌላ ነገር ይጥል እንደሆነ ብዬ።»

ሐያት በክርኗ ነካችኝ። አንድ አድማጭ በዓይኔ አየሁ።

ራት ሽሮ ነበር። ለሙስሊም መንገደኛ በክርስቲያን ምግብ ቤት ከጾም ቀን የሚሻል የለም፤ ድስቱ ውስጥ ምን አለ ብሎ መጠየቅ የለ፣ መሳቀቅ የለ። ረቡዕና ዓርብ መንገድ መውጣት የምወደው ለዚህ ነው። በገበያ ግን እነዚህን ሁለት ቀኖች አልወዳቸውም፤ ቅቤዬ ሳይሸጥ ይውላል። ይህን የምጽፈው ቀን ሳላውቅ የተሳሳትኩ እንዳይመስላችሁ ነው።

ሐሙስ

በጠዋት መኪና አገኘን። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ መንገዱ ግራና ቀኝ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። እንጅባራ ስንደርስ ሐያት ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። በእኛ አገር ቅቤ ጥላ ሥር ይቀልጣል፤ እዚህ ፀሐይ ላይ አስቀምጠውት ይጠነክራል። ባጃጅ ተኮናትረን ጥርባ፣ ከዚያ በእግር ዳገቱን። ግማሽ መንገድ ላይ የስልኩ ኔትወርክ ጠፋ።

ወይዘሮ የዝና በር ላይ ጠበቀችን። የመንደሩን ቅቤ የምትሰበስብ እሷ ናት። ከጎረቤቶቿ ጋር በአዊኛ ትስቃለች፣ ዋጋ ላይ ስትደርስ ወደ አማርኛ ትዞራለች። ባሏ አቶ ታከለ ቁጥብ ገበሬ ነው። አንድ ልጃቸው ስመኝ ለአንድ ዲያቆን ታጭታለች፤ የዲያቆኑ አባት ቄስ ገበየሁ ሽማግሌዎቹን ይዘው እሁድ መጥተው የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ነው። ቤቱ ለዚያ ሽርጉድ ላይ ነበር። ዲያቆኑ ከሠርጉ በኋላ ቅስና ይቀበላል፤ የቄስ ሚስት ደግሞ በሰበካው ዓይን ሥር የምትኖር ሴት ናት። ይህን አቶ ታከለ ኮራ ብሎ ነገረኝ፤ እኔም እንኳን ደስ አለህ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ቀረጻው አማረ።

«ቅቤ ይዋሻል?» አልኳት።

«ቅቤ ምን አፍ አለው? የሚዋሸው ሻጩ ነው። የከረመውን ውስጥ አድርጎ ለጋውን ላዩ ላይ ይለብጣል፣ በኮባ ቅጠል ይጠቀልላል። እኔ እስከ መሐሉ ጣቴን ሰድጄ ነው የማሸተው። አንተም ታውቃለህ፤ ስንቴ ሞክረህኛል።»

«እኔ?»

«በሚዛን ነው የሞከርከኝ። ይቀረጽ፣ ግድ የለም።»

ከቀረጻው በኋላ ማዕድ ቀረበ። «ሥጋ አላቀርብልህም» አለች። «አንተም አትሳቀቅ፣ እኔም አልሳቀቅ።» በለጋ ቅቤ የራሰ ፍትፍት፣ አይብ፣ እርጎ፣ ብርዝ። ሐያት ስልኳን አወጣች፣ ላንሳ ወይ ብላ ጠየቀች። «አንሺ፤ ቤቴ ምን ይደብቃል?» አለች ወይዘሮ የዝና፤ ወዲያው ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ለልጇ አጎረሰቻት። ቅቤው በስመኝ እጅ ላይ ወረደ። ስመኝ አንጓዋን ላሰችና ካሜራውን አይታ ሳቀች።

እንዲህ ያለ ነገር ተለምኖ አይገኝም። ሐያት በላዩ ላይ እንደ ልማዷ «አሁን፣ ማዕድ ላይ» ብላ ጻፈችና ላከችው። ኔትወርክ የለም። ስልኩ ይዞት ተቀመጠ። እኛም ረሳነው።

ዓርብ

እዚያው አድረን በጠዋት ጉም ውስጥ ወረድን። እንጅባራ ገብተን ሻይ ስናዝዝ የሐያት ስልክ ደጋግሞ ጮኸ።

«ሄደ» አለች።

«ምኑ?»

«የትናንቱ።»

«ጥሩ» አልኩ። ቁርስ የጾም ፍርፍር አዝዤ ነበር። ዓርብ መሆኑን አውቄ የጾም ምግብ አዝዣለሁ፤ ያንኑ ዓርብ ከቪዲዮው ጋር ግን አላገናኘሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ እነዚህን ቀኖች እየቆጠርኩ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ፍርፍሩን ሳልጨርስ የሐያት ፊት ተለወጠ። በቪዲዮው ሥር የሚጽፉት መጀመሪያ የሚስቁ ነበሩ። ከዚያ አንዱ «ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ?» ብሎ ጻፈ። ሌላው «ልጅቷን አውቃታለሁ፣ የዲያቆን እጮኛ ናት» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልደግመውም። ከላይ «አሁን» የሚል ጽሑፍ በወፍራሙ ተቀምጧል።

እዚያው ሻይ ቤት እንዳለን፣ ቀትር ላይ አቶ ታከለ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ወጥቶ ደወለ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ሰይድ፣ ምን አደረግኩህ?»

«ስህተት ነው፣ አቶ ታከለ። ስልኩ ነው ዘግይቶ…»

«ቄስ ገበየሁ እሁድ እንመጣለን ያልነውን እናስብበት ብለው ላኩብኝ። ልጄ ከቤት አልወጣችም። ምን አደረግኩህ?»

ሐያት ልታጠፋው ጣቷን አነሳች፤ እጇን ያዝኩት። ብናጠፋው አፍረው አጠፉት ይባላል፤ የገለበጡትም ብዙ ናቸው። ብናቆየው ይዞራል። በዚህ መሐል የዘይቱ ሰውዬ ደወለ። ስለ ልጅቷ አልጠየቀም። «አጥፉት፣ ዝም በሉ፣ ሃይማኖት ያለበት ነገር ላይ አንዲት ቃል እንዳትናገሩ፤ ውሉ ላይ አለ» አለኝ። ነበረበትም፤ እኔው ነኝ የፈረምኩት።

ስንት ሰው እንዳየው ሐያትን ጠየቅኋት። ነገረችኝ። ለእኛ ታይቶ የማያውቅ ቁጥር ነው። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ ጠየቅኋት።

«አጎቴ» አለች፣ «የሰው ቤት እየተቃጠለ አንተ ብርሃኑን ትለካለህ።»

ሻይዋን አልነካችም። ሒሳብ ከፍዬ ባጃጅ ጠራሁ።

ጥርባ ስንመለስ ዳገቱ ከትናንቱ ረዘመብን። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያየው መሰለኝ። አቶ ታከለ ከበሩ ላይ ተነሳ፤ ሐያት ከኋላዬ ቆመች።

«ግቡ» አለ።

«አቶ ታከለ፣ እኔ…»

«መጀመሪያ ብሉ። ከዚያ እንጣላለን።»

የተቀቀለ ድንች በድልህ ቀረበልን። ወይዘሮ የዝና ራሷ አቀረበችው። እኔ ቤት እንዲህ ያደረገብኝን ሰው ውኃ እንኳ መስጠቴን እጠራጠራለሁ። አለመብላት ደግሞ ሌላ ስድብ ነው፤ በላሁ።

ስንጨርስ ስመኝ ከጓዳ ወጥታ ሐያት ፊት ቆመች።

«‹አሁን› ብለሽ ለምን ጻፍሽ?»

«ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምጽፈው» አለች ሐያት። «ሰው አብሮን ያለ እንዲመስለው።»

«አብሮኝ አልነበረማ» አለች ስመኝ። ተመልሳ ገባች።

ጥሉ ይኸው ነበር፤ ሌላ አልተጣላንም። አቶ ታከለ ግን አንድ ነገር ነገረኝ። እሱ ወደ ቄስ ገበየሁ ሄዶ ሊያስረዳ አይችልም፤ በአገሩ ልማድ የሴት ወገን የወንድ ወገን ደጅ ሄዶ ልጄን ውሰዱልኝ አይልም። ከሄደ ነገሩን አመነ ማለት ነው። የሚሄድ ካለ እኛ ነን።

ቅዳሜ

እዚያው አድረን በጠዋት አቶ ታከለ ኮረብታው አፋፍ ድረስ ሸኘን፤ ከሩቅ አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ በጣቱ አሳየንና እዚያው ቀረ። ዞር ስል ቆሞ ያያል።

ቄስ ገበየሁ ከሁለት ጎረቤቶቻቸው ጋር ግቢያቸው ውስጥ ተቀምጠዋል። ማን እንደሆንን ስነግራቸው በርጩማ አስመጡልን። አንደኛው ጎረቤት፣ እንዳመመው ሰው ጎኑን በእጁ የያዘ ሽማግሌ፣ ሳቅ አለ።

«ለዓርባችን የመስጊድ ሰው ሊመሰክር መጣ።»

«ተወው፣ ይናገር» አሉ ቄሱ። ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ ያላችሁትን ፊልም አላየሁም። ያየው የሰበካው ሰው ነው። ነገ ልጄ ቅስና ተቀብሎ ሲያቆርብ፣ ሚስቱ ዓርብ ቅቤ የላሰችው ናት ይባላል። ስሟ ይኸው ሆኖ ይቀራል።»

ሐያት ስልኳን አወጣች። «አባ፣ የተቀረጸበትን ቀን ይኸው ራሱ ጽፎታል፤ ሐሙስ ይላል።»

«ስልኩ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«እንግዲያ የጻፈው ያንቺ ስልክ ነው።»

ሐያት ስልኳን ወደ ኪሷ መለሰች። ተራዬ ደረሰ።

«አባ፣ እኔ ቅቤ ነጋዴ ነኝ» አልኩ። «የእርስዎን ጾም አልጾምም፤ ቀኑን ግን አልስትም። ረቡዕና ዓርብ ሱቄ ጭር ይላል። ሁዳዴ ሲገባ ልጆቼ በብድር ይበላሉ። ዓርብ ለት ወይዘሮ የዝና ቅቤ ብታቀርብልኝ መጀመሪያ የምደነግጠው እኔ ነበርኩ። የበላነው ሐሙስ ነው።»

«ነጋዴ አይደለህ?» አለ ጎኑን የያዘው ሽማግሌ። «ነጋዴ ያለ ትርፍ እዚህ ዳገት አይወጣም።»

እውነቱን ነው፤ አውጥቼ አውርጄ ያላሰብኩት ነገር ግን አፌ ላይ መጣ።

«የማተርፈው ዝም ካልኩ ነው፣ አባቴ። ዝም ካልኩ አንድ ዘይት አስመጪ ዓመት ሙሉ ይከፍለኛል። ከተናገርኩ ውሉን ይቀደዋል። ትናንት በስልክ ነግሮኛል። ቪዲዮውም ሲዞር ለእኔ ገበያ ነው፤ እንደዚህ ብዙ ሰው አይቶን አያውቅም።»

 ቄሱ መቋሚያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው መሬት ላይ ተከሉት።

«ማልልኝ አልልህም» አሉ። «ማሕላ ርካሽ ሆኗል። ነገሩ የተበላሸው እዚያ የምታሳዩበት ቦታ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያ እዚያው ተናገር። የሚያስከፍል ምስክርነት ነው ካልክ ከፍለህ አሳየን።»

እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ቆምኩ። ሐያት ሳትቆርጥ ቀረጸችኝ። ውሻ ጮኸ፣ ቃል ተሳሳትኩ፣ ከመሐል አንድ ዶሮ በእግሬ ሥር አለፈች። የበላነው ሐሙስ እንደሆነ፣ ስልኩ ዓርብ እንደላከው፣ «አሁን» ብለን የጻፍነው እኛ እንደሆንን፣ የዚያ ቤት ሰዎች አንዳች ጥፋት እንደሌለባቸው ተናገርኩ። የዘይቱን ውልም ጠራሁ፤ የድርጅቱን ስም ግን አልጠራሁም። እድገም አልኩ። «አይደገምም» አለች ሐያት።

ኔትወርክ እዚያ የለም። ቪዲዮውን ይዘን እስከ እንጅባራ ስንወርድ በስልኩ ባትሪ ላይ ዓይናችንን ተክለን ነበር። ከተማ ስንገባ ኔትወርኩ ራሱ ጠፍቷል ተባለ። በየሱቁ እየገባን ለአንተስ ይሠራል ወይ እያልን ስንጠይቅ ዋልን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጣ። ሐያት በላዩ ላይ «ቅዳሜ የተቀረጸ» ብላ ጽፋ ላከችው።

የዘይቱ ሰውዬ አልደወለም። ሁለት መስመር ጻፈ። መጀመሪያ የሰደቡን እንደገና ሰደቡን። የቆዩት አድማጮቻችን ግን አንድ በአንድ መግባት ጀመሩ። አንዲት ሴት ከአዲስ ቅዳም እንዲህ አለች፦ «ይህ ሰውዬ ማይክ ቅቤ ውስጥ ሲጥል አልደበቀም፣ ሚዛኑ ሲያጎድልበትም አልደበቀም፤ አሁን ምን ብሎ ይደብቃል?» ሐያት ጮክ ብላ አነበበችልኝ። ይበቃል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አላውቅም አለችኝ።

እሁድ

ሽማግሌዎቹ ይምጡ አይምጡ የሚያውቅ አልነበረም። እኛ በቤቱ ውስጥ መገኘት የለብንም፤ ከጥርባ ባጃጅ መቆሚያው አጠገብ ካለች ሱቅ ደጃፍ ተቀመጥን። ከዚያ ዳገቱ ይታያል። ቤተ ክርስቲያን የዋለው ሕዝብ ወጣ፣ ተበተነ። በመንገዱ ነጭ የለበሰ ሰው በታየ ቁጥር ሐያት ትነሳለች፤ ወደ ሌላ ቤት ሲታጠፍ ትቀመጣለች። ባለ ሱቁ ሁለተኛ ሻይ ሳንጠይቀው አመጣልን፤ እሱም ያውቃል ማለት ነው። ሒሳብ አልቀበልም አለ።

ከረጅም ጊዜ በኋላ አራት ነጭ ልብሶች ዳገቱን ያዙ። የፊተኛው መቋሚያ ይዟል። የአቶ ታከለን ግቢ አልፈው የሚሄዱ መሰለኝ፤ አላለፉም። በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ልግለጸው ብል አልችልም፤ አራጣ አበዳሪ ፊት ቀርቤ አውቃለሁ፣ ያኛው ይቀላል።

በመጨረሻ ወይዘሮ የዝና ራሷ ወረደች። ከፊቷ ምንም አይነበብም፤ ዋጋ ስትነግረኝም እንደዚሁ ነው።

«ልጄን ጠየቋት» አለች። «ጎኑን የያዘው ሰውዬ ነው የጠየቃት። ‹ዓርብ ነው ወይስ ሐሙስ?› አላት።»

«ምን አለች?»

«‹ሐሙስ ነው። ጣፍጦኝም ነበር። ዓርብ ለት ድንች ነው የበላሁት፤ እሱን የቀረጸ የለም› አለች። ቄሱ ሳቁ። ቀኑን ቆረጡ፤ ጥር ነው።»

ሐያት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔም እንኳን ደስ አለሽ ልላት ተነሳሁ፤ ወይዘሮ የዝና ግን አልጨረሰችም።

«ሽማግሌዎቹ አንድ ቃል ተቀበሉኝ፤ እኔም ሰጠኋቸው። ሠርጉ አልፎ ልጁ ቅስና እስኪቀበል፣ ከዚያም ወዲያ፣ ከካሜራ ጋር የሚሠራ ሰው በቤቴ አይገባም። ቅቤውን ለዳንግላ ነጋዴ እሰጣለሁ።»

«ካሜራውን ትቼ ብመጣስ?»

«አንተን ሲያዩ እሱን ነው የሚያስታውሱት» አለች። «ቂም የለኝም፣ ሰይድ። ልጄ ናት።»

በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ድንች ለሐያት ሰጠቻት፣ ለመንገድ። ከዚያ ወደ ቤቷ ወጣች።

ሰኞ

መንገዱ ክፍት ነበር። ፍተሻው ላይ ያው ሰውዬ ቆሟል። ጸጉራሙን ቆብ አይቶ «አንድ ሰዓቱ አለቀ?» አለኝ። አለቀ አልኩት። ባሕር ዳር ስንገባ ሞቀን፤ ሐያት የወይዘሮ የዝናን ቀረጻ ላቀናብረው ወይስ ልተወው ብላ ጠየቀችኝ። ተዪው አልኳት። ጥሩ ቀረጻ ነበር።

ሒሳቡ ይኸው ነው። ሠርጉ በጥር ይደረጋል። የዘይቱ ውል ፈርሷል። አድማጫችን ከሄድንበት ቀን ይበልጣል። ከጥርባ ቅቤ አይመጣልኝም።